የጭንቅላት ወባና የአይጦች አንጎል ሥዕል

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በትክል ድንጋይ በኩል ወደ ታች አርማጭሆ የሚወርድ መንገደኛ ሳንጃ ሲደርስ ደጋውን ከኋላው እንደ ግድግዳ ቆሞ ያየዋል። ጠዋት ካባ ለብሶ የወጣ ሰው ከቀትር በፊት ጋቢውንም ከትከሻው ያወርዳል። የደጋ ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ቆላን የሚፈራው ስለ ሙቀቱ አልነበረም፤ ስለ ንዳዱ ነበር እንጂ። አባቶቻችን ክረምት ከገባ በኋላ መስከረምና ጥቅምት እስኪያልፉ ድረስ ቆላ ማደርን ሲከለክሉ፥ ስለ ትንኝና ስለ ተሐዋሲ የጻፈላቸው ሊቅ ሳይኖር፥ ከቀበሩት ሰው ብዛት ተምረው ነው።

ዛሬ ይህን ምክር ለመጠበቅ የሚቻለው ሰው ጥቂት ነው። የአርማጭሆ ቆላ ሰሊጥና ማሽላ፥ ጥጥም ስለሚያበቅል፥ በአረምና በአጨዳ ጊዜ ከወገራ፥ ከደምቢያና ከሌላውም ደጋ እጅግ ብዙ ጎልማሳ ለቀን ሥራ ይወርዳል። ሌሊቱንም የሚያድረው በእርሻው ዳር ነው፤ ከዛፍ ሥር ወይም በሣር ዳስ። ንዳዱ የሚበረታበት ወራት ደግሞ ዝናቡ ካባራበት ከመስከረም እስከ ኅዳር ስለ ሆነ፥ የሰሊጡ አጨዳና የትንኙ ጊዜ አንድ ላይ ይገጥማሉ። በደጋ የተወለደ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሽታውን ስላልለመደው በደሙ ውስጥ የሚከላከልለት ኃይል የለውም። ስለዚህ በአርማጭሆ የሚያስፈራው ወባ የሕፃናት ብቻ አይደለም። ጥሩ ጉልበት ይዞ የወረደውን የ20 ዓመት ጎልማሳም ይጥላል።

በዚህ ገጽ ልንነግራችሁ ያሰብነው ግን ስለ ወባ ሁሉ አይደለም። የአገራችን ሰው «የጭንቅላት ወባ» ወይም «ወባ ወደ ጭንቅላት ወጣችበት» ስለሚለው ስለ ክፉው ዓይነት ነው። ነገሩ በመጀመሪያ ተራ ትኩሳት ይመስላል፤ ብርድ ብርድ ይላል፥ ራስ ይመታል፥ ወገብ ይቈርጣል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በሽተኛው መቃዠት ይጀምራል፤ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ዓይኑን ይገለብጣል፥ እጅና እግሩ ይንቀጠቀጣል፥ ከዚያም ሲጠሩት አይሰማም። ያን ጊዜ በቤቱ ክርክር ይነሣል። አንዱ «ለክፍት ነው» ይላል፤ ሌላው «ቡዳ በልቶት ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «መሽቷል፥ ሲነጋ እንወስደዋለን» ይላል። በዚህ ክርክር መካከል የሚያልፈው ሰዓት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማወቅ፥ በራስ ቅሉ ውስጥ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚደረግ ማየት ያስፈልጋል። ይህንም ሊቃውንት ያዩት፥ የሚያስገርም ቢመስልም፥ በጎተራችን እህል በሚሰርቀው በአይጥ ዘመድ ነው።

ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።

የወባን ተሐዋሲ በሰው ደም ውስጥ መጀመሪያ ያዩት የፈረንሳይ ሠራዊት ሐኪም ላቭራን ናቸው፤ ዘመኑ 1880፥ ቦታውም የአልጄሪያ ከተማ ኮንስታንቲን ነበር። በ1897 ደግሞ እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ ተሐዋሲው በትንኝ ሆድ ውስጥ እንደሚያድግ በህንድ አገር አረጋገጡ። በእኛም አገር በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቶ ነበርና፥ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ያ ኮሌጅ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከአራት ዓመት በኋላ በ1958 ወረርሽኙ ብዙውን ደጋማ አገር ሲያዳርስ፥ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል።

እንግዲህ ትንኙም ተሐዋሲውም መድኃኒቱም ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሳይታወቅ የቆየው ነገር፥ በደም ውስጥ የሚኖረው ይህ ተሐዋሲ አንጎልን እንዴት አድርጎ እንደሚገድል ነው። ፋልሲፓሩም የሚባለው ክፉው የወባ ዓይነት የያዘው ቀይ የደም ሕዋስ በደም ሥር ግድግዳ ላይ የመጣበቅ ጠባይ አለው። ከሞቱት ሰዎች አንጎል ቆርጠው የመረመሩ ሐኪሞች ከጠጉር የቀጠኑት የደም ሥሮች በእንደዚህ ያለ ሕዋስ ተዘግተው አገኙ። ዳሩ ግን ሬሳን መመርመር የተቃጠለ ቤትን ፍርስራሽ እንደ ማየት ነው፤ ሁሉ ነገር አመድ ከሆነ በኋላ እሳቱ ከየትኛው ማዕዘን እንደ ተነሣ፥ ጣሪያው መቼ እንደ ወደቀ፥ በየትኛው ሰዓት ውሃ ቢደርስ ኖሮ ቤቱ ይተርፍ እንደ ነበር አይታወቅም።

ይህን በሕያው ሰው ላይ ደረጃ በደረጃ መከታተል አይቻልም፤ የታመመው ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ነገሩ ከከፋ በኋላ ነውና። በ1948 ቪንክና ሊፕስ የተባሉ የቤልጅግ ሊቃውንት በኮንጎ ካታንጋ አውራጃ በዱር አይጥ ደም ውስጥ አዲስ የወባ ዓይነት አገኙ። ይህም ፕላስሞዲየም በርጌይ የሚባለው ነው። ሰውን አይዝም። አንካ የሚሉት ዘሩ ግን በቤተ ሙከራ በሚረባ በአንድ ዓይነት ጥቁር አይጥ ደም ውስጥ ሲገባ፥ አይጡ በ6ኛውና በ10ኛው ቀን መካከል ሚዛኑን ስቶ ይወድቃል፥ ይንቀጠቀጣል፥ እግሩ ይሰንፋል፥ ራሱን ስቶ ይሞታል። የሚያስደንቀው ሌላ ዘር የሆነ ነጭ አይጥ ያው ተሐዋሲ ሲገባበት በአንጎሉ አይታመምም፤ ከብዙ ቀን በኋላ በደም ማነስ ነው የሚሞተው። ስለዚህ ጥያቄው ስለ ተሐዋሲው ብቻ ሳይሆን የታማሚው ሰውነት እንዴት እንደሚመልስለትም ጭምር መሆኑ ታወቀ።

አስቀድሞ ሊቃውንቱ የሚሠሩት እንዲህ ነበር፤ ብዙ አይጦች በአንድ ቀን ይታመማሉ፥ ከዚያ በ3ኛው ቀን ጥቂቶቹን፥ በ5ኛው ቀን ሌሎቹን፥ በ7ኛውም እንዲሁ እየገደሉ አንጎላቸውን ያዩ ነበር። በዚህ መንገድ ብዙ እንስሳ ያልቃል፤ ደግሞም የ3ኛው ቀን አይጥና የ7ኛው ቀን አይጥ አንድ ስላልሆኑ ይኸኛው ቢቆይ ይሞት ነበር ወይስ ይድን ነበር ማለት አይቻልም። ኤም አር አይ የሚባለው የሥዕል መሣሪያ ግን ያንኑ አይጥ ሳይገድሉ ዛሬም ነገም ለማየት አስቻለ። እንስሳ በከንቱ እንዳይሠቃይ ለሚገደው ሰውም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የመሣሪያው ምሥጢር ውሃ ነው። ሥጋችን ሁሉ፥ አንጎላችን ይልቁንም፥ አብዛኛው ውሃ ነው፤ በውሃው ውስጥ ያሉት የሃይድሮጅን ረቂቃን ደግሞ ብርቱ መግነጢስ ባለበት ሥፍራ ሲገቡ እንደ ወታደር በሰልፍ ይቆማሉ። በራዲዮ ሞገድ ለአፍታ ከሰልፋቸው ሲነቀነቁና ተመልሰው ሲቆሙ ድምፅ እንደ መስጠት ያለ ምልክት ይሰጣሉ፤ ከዚህም ምልክት ሥዕሉ ይሠራል። ውሃው የበዛበት ወይም ከቦታው የፈለሰበት ሥፍራ በሥዕሉ ላይ ተለይቶ ይታያል። ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ የተባሉት ሊቃውንት በዚህ ሥራቸው በ2003 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። እንደ ኤክስሬይ በጨረር አይደለምና ደጋግሞ ቢነሣም አይጐዳም።

አይጥን በዚህ መሣሪያ ማስነሣት ግን ሰውን ከማስነሣት ይልቅ ይከብዳል። የሰው አንጎል 1,300 ግራም ያህል ሲመዝን የአይጥ አንጎል ግማሽ ግራም አይሞላም፤ ከአንድ የባቄላ ፍሬ አይበልጥም ብንል ማጋነን አይሆንም። በባቄላ ፍሬ ውስጥ ያለውን መንገድ ሁሉ ለይቶ ለማየት እጅግ ብርቱ መግነጢስ ያስፈልጋል። በሆስፒታል የሚሠራበት አብዛኛው መሣሪያ ኃይሉ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው፤ ለአይጥ የሚሠሩበት ግን ብዙ ጊዜ 9.4 ቴስላ ይደርሳል። አይጡ በሚተነፍሰው አየር ውስጥ ማስተኛ መድኃኒት ይቀላቀልለታል፤ ጥርሱ በትንሽ መቆንጠጫ ተይዞ ራሱ እንዳይነቃነቅ ይደረጋል። ለተኛ አይጥ ብርዱ ገዳይ ስለ ሆነም ከሥሩ ሙቅ ውሃ የሚዘዋወርበት ምንጣፍ ይነጠፍለታል። እስትንፋሱም አንድ በአንድ ይቈጠራል። በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚነሣው ትንሹ ታማሚ ለብዙ ሰው ከሚደረገው የበለጠ እንክብካቤ ተደርጎለታል ብለን መናገራችንን አንባቢ ይፍቀድልን።

በ2005 የፈረንሳይ ሊቃውንት በዚህ መንገድ ሕያው አይጦችን ሲመረምሩ የሚከተለውን አዩ። በታመመው አይጥ አንጎል ውስጥ የደም ሥሮቹ ግድግዳ ይበሳሳና ውሃው ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ አንጎሉም ያብጣል። የራስ ቅል ግን አጥንት ነውና እንደ ሆድ አይነፋም። ስለዚህ ያበጠው አንጎል ደም የሚያመጡለትን ታላላቅ የደም ሥሮች ራሱ ይጫናቸዋል፤ ደሙ ይቀንሳል፥ አንጎሉም ይራባል፤ የመጨረሻው ምትም ይህ ነው። በ2016 ደግሞ በጀርመን አገር በሃይደልበርግ የወጣው ጥናት እብጠቱ ከየት እንደሚጀምር አሳየ፤ መጀመሪያ የሚታየው ሽታ በሚለየው በአንጎሉ የፊት ጫፍ ሲሆን ከዚያም ወደ ኋላ ወደ አንጎል ግንድ ይዘልቃል። አይጥ በዓይኑ ሳይሆን በአፍንጫው የሚኖር እንስሳ ስለ ሆነ ይህ የአንጎሉ ክፍል ከሰው ይልቅ እርሱ ዘንድ ትልቅ ነው።

የአንጎል ግንድ ያልነው አንጎልን ከሕብለ ሰረሰር ጋራ የሚያያይዘው ክፍል ነው። ሕብለ ሰረሰሩ በጀርባ አጥንት ውስጥ ወርዶ እጅና እግርን ያዛል፤ ግንዱ ግን ራሱ እስትንፋስን ያዛል። ከላይ ያበጠ አንጎል መውጫ ሲያጣ በራስ ቅሉ ሥር ባለው ቀዳዳ በኩል ወደ ታች ይጫናል፤ ግንዱ ሲጨፈለቅም እስትንፋስ ይቆማል። ልቡ እየመታ ሳለ ትንፋሹ በድንገት የሚቆመው በሽተኛ እንዲህ ሆኖ ሊሞት ይችላል።

ዳሩ ግን ከአይጥ ወደ ሰው የሚወስደው መንገድ ቀና አይደለም፤ በዚህ ነገር ሊቃውንቱ እርስ በርሳቸው ብዙ ተከራክረዋል። በሰው አንጎል የደም ሥሩን የሚዘጋው ይልቁንም ተሐዋሲ የያዘው ቀይ ሕዋስ ሲሆን፥ በአይጥ አንጎል ግን በብዛት የሚገኘው ነጭ ሕዋስ ነው። አይጥን ያዳነ መድኃኒት ሁሉ ሰውን አያድንም። ከአይጡ ሥዕል በፊትም አንጎል ያብጣል ከማለት ብቻ በመነሣት እብጠት አጥፊ የሆነው ዴክሳሜታዞን በታይላንድ ራሳቸውን ለሳቱ 100 የወባ በሽተኞች ሲፈተን፥ በ1982 የወጣው ውጤት አሳዛኝ ነበር፤ መድኃኒቱ ከሞት አላዳነም፥ በሕይወት የተረፉትንም ከሕመም እንቅልፋቸው የነቁበትን ጊዜ አዘገየባቸው። ብልህ መስሎ የሚታይ ሐሳብ በሰው ሕይወት ላይ ሳይመዘን እንዳይሠራበት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናውቅም።

እንግዲህ ነገሩ በሰው ላይ መታየት ነበረበት። ይህ የሆነው በአፍሪካ ምድር፥ በማላዊ አገር በብላንታየር ከተማ ነው። ዶክተር ቴሪ ቴይለር የሚባሉ አሜሪካዊት ሐኪም ዘመናቸውን በዚያ ከተማ የወባ ሕፃናትን በማከም ያሳለፉ ናቸው። በ2008 ኃይሉ 0.35 ቴስላ ብቻ የሆነ መሣሪያ በሆስፒታሉ ተተከለ፤ ከአይጦቹ መግነጢስ ጋራ ሲተያይ ድኻ የሚባል ነው። ሥራው ግን ድኻ አልነበረም። የጭንቅላት ወባ የያዛቸው 168 ሕፃናት እንደ ገቡ አንጎላቸው ተነሣ። ከእነዚህ 25ቱ ሞቱ፤ ከሞቱትም 21ዱ ገና ሲገቡ አንጎላቸው እጅግ አብጦ ነበር። ከዳኑት 143 መካከል ግን እንዲህ ያለ እብጠት የታየባቸው 39 ብቻ ናቸው። የዳኑትም ሥዕል እንደገና ሲነሣ እብጠቱ እየጎደለ ሄዶ ነበር። ጥናቱ በ2015 ታተመ። አይጡ ሲሰጥ የነበረው ምስክርነት በሕፃናቱ ነገር በብዙው እውነት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

በአዋቂ ሰው ነገር ግን እንዲህ ቍርጥ ያለ ቃል መናገር አይቻልም። በእስያ አገሮች የተነሡት የአዋቂዎች ሥዕሎች የአንጎል እብጠትና ሞት በሕፃናት እንደ ታየው በጽኑ የተያያዙ አለመሆናቸውን አሳይተዋል። በአርማጭሆ የሚታመመው ብዙ ጊዜ ጎልማሳ መሆኑን ስለ ተናገርን፥ የሕፃኑን ሥዕል ለአባቱ እንዳለ ማውረድ እንደማይገባ አንባቢ ልብ ይበል። ለሁለቱም አንድ የሆነው ነገር ተሐዋሲው በሰዓታት ውስጥ የሚበዛ መሆኑና መድኃኒቱ በቶሎ ወደ ደም መግባት የሚያስፈልገው መሆኑ ነው።

መድኃኒቱም ተሻሽሏል። ቀድሞ ኪኒን ብቻ ነበር፤ ዛሬ ለብርቱው ወባ የሚቀድመው በመርፌ የሚሰጠው አርቴሱኔት ነው። በ2005 በእስያ በተፈጸመው ፈተና ኪኒን ከወሰዱት ከመቶ 22 ሲሞቱ አርቴሱኔት ከወሰዱት የሞቱት 15 ናቸው። በ2010 በ9 የአፍሪካ አገሮች በ5,425 ሕፃናት ላይ በተደረገውም ሞቱ ከ10.9 ወደ 8.5 በመቶ ወርዷል። የመድኃኒቱ ምንጭ አርቴሚሲያ የሚባል የቻይና ቅጠል ሲሆን ይህን ያገኙት ሴት ሊቅ ቱ ዮዮ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። በደጃችን የምናበቅለው አሪቲም የዚሁ ቅጠል ዘመድ ነው። ነገር ግን ዘመድነት መድኃኒት አያደርገውም፤ አሪቲ አፍልቶ መጠጣት የጭንቅላት ወባን አያድንም፤ ሰዓት ብቻ ያባክናል።

አሁን ወደ ሳንጃው ቤት እንመለስ። ልጁ ይንቀጠቀጣል፥ ወይም ሲጠሩት አይሰማም። እመቤቲቱ አስቀድማ በጎኑ ታስተኛው፤ በጀርባው ከተኛ ምራቁና ትውከቱ ወደ ሳንባው ይወርዳልና። በአፉ ምንም ነገር አይጨመር፤ ወተትም ቢሆን፥ የተቀቀለ ቅጠልም ቢሆን። ስለ ጠበሉም ካህኑ ቅር እንዳይሰኙብን እንለምናለን፤ ራሱን ለሳተ ልጅ ይረጩለት፥ ይጸልዩለት፥ ለጊዜው ግን አያጠጡት፤ የመዋጥ ኃይሉ የለምና ወደ ሳንባው ገብቶ ያንቀዋል። ጥርሱን በማንኪያ መፈልቀቅም ጕዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ከዚያም ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። መርፌው በቅርብ ከሌለ፥ ከ6 ዓመት በታች ላለ ሕፃን በመቀመጫ በኩል የሚሰጥ አርቴሱኔት አለ፤ እርሱን ተቀብሎ ያለ መዘግየት ወደ ሆስፒታል መጓዝ ነው። ያ መድኃኒት መንገዱን ያሻግራል እንጂ ሕክምናውን አይጨርስም።

ልጁ ድኖ ቤቱ ሲመለስም ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። በኡጋንዳ የጭንቅላት ወባ ይዟቸው የዳኑ ሕፃናት ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመረመሩ ከአራቱ አንዱ በማስተዋል ወይም በማስታወስ ጕድለት ተገኝቶበታል። እንግዲህ ቀድሞ ፊደል ይለይ የነበረ ልጅ ከዚህ ሕመም በኋላ ቢዘነጋ፥ መምህሩ በአለንጋ ከመጠየቃቸው በፊት እናቱን «ታሞ ነበርን?» ብለው ይጠይቁ።

ለሰሊጥ አጨዳ ሠራተኛ የሚያወርዱ ባለ እርሻዎችም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ሠራተኛው በሜዳ የሚያድር ስለ ሆነ በቤት ግድግዳ ላይ የሚረጨው መድኃኒት አይደርሰውም፤ ለእርሱ አጎበርና የሚሰቀልበት እንጨት ከዕለት እንጀራው ጋራ ሊታሰብለት ይገባል። ታሞም እንደ ሆነ የሚጭነው መኪና ከየት እንደሚገኝ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ሌሊት መኪና መፈለግ የሚጀመረው ሰውየው ከተንቀጠቀጠ በኋላ መሆን የለበትም።

አንድ ነገር ጨምረን እናቆማለን። ፋልሲፓሩም ትንኝ ከነከሰ በኋላ ትኩሳት እስኪያስነሣ አንድ ሳምንት፥ ሁለት ሳምንት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቆያል። ስለዚህ ሠራተኛው ደመወዙን ተቀብሎ ጤነኛ ሆኖ ከሳንጃ ይወጣል፥ ዳባት ወይም ደባርቅ በቤቱ ሳለ በብርድ አገር ይታመማል። የደጋው ጤና ጣቢያ ጕንፋን ወይም ሌላ የደጋ ሕመም ሊመስለው ይችላል። በሽተኛው ራሱ መናገር ባይችል እንኳ ያመጡት ዘመዶቹ ከሁሉ አስቀድመው ለሐኪሙ ሊናገሩት የሚገባው ቃል «ሳንጃ ወርዶ ነበር» የሚለው ነው።